የተዋናይነት ሙያና ትምህርት ቤቱን ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከየክፍሉ አንድ ንግግር እንዲቀርብ ባዘዘ ጊዜ የሰጠን ርእስ «ወደ ፊት ምን ልሁን?» የሚል ነበር። ስለ ሕክምና፣ ስለ ምሕንድስና፣ ስለ እርሻና ስለ ንግድ የሚናገሩ ጓደኞቻችን ወዲያው ተገኙ። እኛ የ12ኛ ክፍል የቴአትር ክበብ አባሎች ግን «ስለ ተዋናይነት እንናገራለን» ብለን ብንነሣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ አላስቀየመንም፤ ተዋናይ ሊሆን የሚፈልግ ሰው ሲሳቅበት ከወዲሁ መልመድ ይገባዋልና። ነገር ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ በልባችን አንድ ጥያቄ ቀረ። ይኸውም፤ ይህ ነገር ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ? ሥራስ ከሆነ የት ይማሩታል? ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ባለፈው የገና ሰሞን በዚሁ አዳራሽ የዮሴፍንና የወንድሞቹን ታሪክ ተጫውተን ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች እንደ መሆናችን ታሪኩን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ያዕቆብን የተጫወተው ጓደኛችን በደም የተነከረውን ቀሚስ ይዞ ባለቀሰ ጊዜ በኋላ ወንበር የተቀመጡ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሡ አየን። ቴአትሩ እንዳለቀ የጓደኛችን አባት ወደ ልጃቸው ቀርበው፣ ትከሻውን ይዘው፣ በከምባትኛ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ደኅና አድርገህ አለቀስህ። እኔንም አስለቀስኸኝ። ነገር ግን ይህ እንጀራ አይሆንም።» ጓደኛችን መልስ አልነበረውም። እኛም በአጠገቡ ቆመን ሳለን መልስ አልነበረንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን ስንፈልግ ከርመናል።

አባቶቻችን እንዲህ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በመድረክና በአደባባይ የሚጫወት ሰው በጨዋታው ሲወደድ በኑሮው ሲናቅ ኖሯል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ሆኖ ሲነገር ሰምተናል። በሠርግ ቀን አምጡት የተባለውን ሰው በማግሥቱ ልጃችንን አንሰጠውም ይሉታል። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ቢመኝ አይፈረድበትም። ሆኖም ንቀቱ ከየት እንደ መጣና ሙያው ዛሬ ምን እንደ ደረሰ ሳይመረምሩ መወሰን ደግሞ ተገቢ አይደለምና ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት።

በአማርኛ የመጀመሪያው ቴአትር የሚባለውን በ1913 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የተማሩ ሰው ሲሆኑ፣ ቴአትራቸው በላ ፎንቴን ተረቶች ላይ ተመሥርቶ እንስሳትን እያናገረ የመንግሥት ሰዎችን ጉድለት የሚነቅፍ ነበር። ስለዚህም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቴአትር ባዶ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር?

ከዚያ በኋላ የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ የቅኔ ሰው ነበሩ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቴአትር እየደረሱ ለተማሪዎቻቸው ያስጠኑ ነበር። ስለዚህ በአገራችን መድረክ ላይ ቀድመው ከወጡት ተዋንያን ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ የትምህርት ቤት ልጆች መሆናቸውን ስናነብ ደስ አለን። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በድንበራችን ሲሰበሰብ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ፤ ሕዝቡ ለአገሩ እንዲነሣ በንግግር፣ በዘፈንና በጨዋታ ለማነቃቃት ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር ከዚያ ማኅበር ተወልዶ እስከ ዛሬ አለ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር፣ ጣልያኖች ለሲኒማ ጀምረውት የነበረው ሕንፃ ታድሶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ይኸው ነው። የመክፈቻው ቴአትር የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር።

በነዚያ ዘመናት ሴት በመድረክ መታየቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። በኋላ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ስድቡን ችለው ስለ ወጡ በሩ ተከፈተ። አስናቀች በክራራቸውም በተዋናይነታቸውም ስማቸው ሲጠራ ይኖራል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ደግሞ ተዋናይትም ደራሲም ሆነው፣ አገር ጥለው ከሄዱ በኋላ እንኳ በዋሺንግተን ጣይቱ የሚባል የባህልና የትምህርት ማዕከል አቋቁመው በስደት ላለው ወገናቸው ቴአትርን አቆይተዋል። ይህን የምንናገረው በክበባችን ውስጥ ላሉት እኅቶቻችን ነው። አንዷ በገናው ቴአትር የጲጥፋራን ሚስት ተጫወተች ተብላ በገበያ ሲያሾፉባት እንደ ሰነበቱ እናውቃለን። ክፉን ሴት መጫወት ክፉ መሆን እንዳልሆነ ለማስረዳት ብንሞክርም ገበያተኛው አልሰማንም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ብትሰሙን እርሱ ይበቃናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተዋናይነት በትምህርት የሚገኝ ነው ወይስ አብሮ የሚወለድ? ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ «ስጦታ ያለው ሰው ትምህርት ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። እኛ ግን በዶዮገና እንሰት መካከል ያደግን ነንና እንዲህ እንመልሳለን። እንሰት ከመሬት ስለ በቀለ ብቻ ቆጮ አይሆንም። እናቶቻችን ይተክሉታል፣ ያዛውሩታል፣ ዓመታት ይጠብቁታል፣ ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያብላሉታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጋገረው። ስጦታም እንዲሁ ነው።

የታላላቆቹ ሕይወትም ይህንኑ ያሳያል። በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ተማሪ ሳሉ ቴአትር የጻፉ ባለ ስጦታ ነበሩ። ሆኖም በስጦታቸው አልተኩራሩም። ሕግ ተማሩ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 በለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር፣ በፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክን ሥራ አጠኑ። ተመልሰው ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መለሱ፤ ኦቴሎና ሐምሌት በአማርኛ እንዲናገሩ አደረጉ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ተስፋዬ ገሠሠ ደግሞ በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምረው ተመለሱና ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ደራሲና መምህር ሆነው ኖሩ።

ሌላ ትምህርት የሚሰጠን የጎንደሩ ተወላጅ የኃይሌ ገሪማ ታሪክ ነው። አባታቸው የቴአትር ደራሲ ነበሩ። ኃይሌ ተዋናይ ለመሆን ፈልገው እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ቺካጎ ወደ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ሄዱ። ትምህርት ቤቱ ስመ ጥር ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር በዚያ ዘመን ለጥቁር ተማሪ የሚሰጠው የበታች ሰው ቦታ ብቻ መሆኑን አዩ። ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ፊልም መሥራት ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ተሸላሚ የሆነው «ጤዛ» ፍሬዎቹ ናቸው። ከዚህ የምንማረው፣ የትምህርት ቤት ስም መታወቁ ብቻ እንደማይበቃና «ለእኔ ለራሴ ምን ቦታ ይሰጠኛል?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

በአዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ደግሞ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ አየርላንዳዊት ናቸው። በደብሊን በትሪኒቲ ኮሌጅ የትወና ትምህርት ተማረች። «ላቪንግ» በተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኦስካር ሽልማት ታጨች፤ በማግሥቱ ዓመትም በደብሊን መድረክ ሐምሌትን ራሱን ተጫወተች። ድሮ በአገራችን ወንድ የሴትን ቦታ ሲጫወት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የእኛው ዘር ያላት ሴት የዴንማርክን ልዑል ተጫወተች። ዓለም እንዲህ ትገለባበጣለች።

በቴአትር ትምህርት ቤት ምን ይማራሉ ቢባል፣ ከመምህሮቻችን ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን በአጭሩ እንናገራለን።

መጀመሪያው ትንፋሽና ድምፅ ነው። በመድረክ ላይ የሚናገር ሰው ሳይጮህ እስከ ኋለኛው ወንበር መሰማት አለበት። ይህም ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ በሚነሣ ትንፋሽ ይገኛል። ጉሮሮውን የሚያስጨንቅ ሁለት ምሽት ይጫወታል፤ በሦስተኛው ድምፁ ይዘጋል። ድምፅ ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ የፈለገ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ያነበቡትን ይስማ። አንድ ሰው ብቻውን ገበሬውን፣ ባላባቱን፣ ቄሱንና ወጣቷን ሆኖ ሲናገር እያንዳንዳቸውን በዓይናችን የምናያቸው ይመስለናል።

ሁለተኛው ቋንቋን ማጥራት ነው። በዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ እናውጣ። አፋችንን የፈታነው በከምባትኛ ነው፤ ከሆሳዕና ወገን የመጡት ጓደኞቻችን በሀዲይኛ። ማጥበቅና ማላላት ለቋንቋዎቻችን እንግዳ ባይሆንም፣ በአማርኛ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚላላ አንዳንድ ጊዜ ይምታታብናል። ያዕቆብን የተጫወተው ጓደኛችን በመጨረሻው ልምምድ ላይ እያለቀሰ «ልጄ ገና አልመጣምን?» ማለት ሲገባው «ገና»ን አጥብቆ ተናገረው። ሽማግሌው ልጁን ትቶ በዓሉን የሚጠብቅ መሰለና መምህሮቻችን ሳይቀሩ በሳቅ ፈነዱ። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የቦታ ስፋት ነው። «ዋና» ሲላላ በወንዝ ነው፤ ሲጠብቅ የነገር ራስ ነው። በወረቀት ላይ አንድ የሆነው በመድረክ ላይ ሁለት ነውና ተዋናይ ይህን ቃል በቃል ማጥናት አለበት። ጓደኛችን ያችን አንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋግማት አድሮ በማግሥቱ እናቶችን አስለቀሰ።

ሦስተኛው ሰውነት ነው። አቋቋም፣ አረማመድ፣ የእጅ አያያዝ ይማሩታል። ብዙዎቻችን መድረክ ላይ ስንወጣ እጃችንን የት እንደምናደርገው ይጠፋናል። አራተኛው ሰውን አስተውሎ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የሥነ ጥበብ ቴአትር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሩስያዊው ስታኒስላቭስኪ፣ ተዋናይ ስሜቱን በውጭ እንዳይቀባ፣ የገጸ ባሕርዩን ፍላጎትና ምክንያት መርምሮ ከውስጡ እንዲያወጣው ያስተምር ነበር። በዚህ ነገር እኛ የገጠር ልጆች ከከተማ ልጆች አናንስም። በሴራ ላይ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አይተናል። በአማርኛ «ሤራ» ማለት ሌላ ነገር ስለ ሆነ እንግዶቻችን እንዳትደነግጡ፤ በእኛ ዘንድ የአባቶች የመተዳደሪያ ደንብ ነው። ሽማግሌው ከመናገሩ በፊት ምን ያህል ዝም እንደሚል፣ በትሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ የተቆጣውን ሰው በዝግታ እንዴት እንደሚያበርደው አስተውለን ከሆነ ግማሹን ትምህርት ጀምረናል ማለት ነው። በመሳላ በዓል ላይ የሚጨፍረውን፣ በለቅሶ ቤት የሚያወርደውን፣ በገበያ በግ የሚያሻሽጠውን ያስተዋለ እንዲሁ።

ከዚህም ሌላ የቴአትር ታሪክ፣ ድርሰት፣ ዝግጅት፣ አልባሳት፣ መብራትና የመድረክ ሥራ ይማራሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሚማሩት በኅብረት መሥራትን ነው። በሰዓቱ ያልመጣ አንድ ሰው የ10 ሰው ልምምድ ያበላሻል።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱን ስለ መምረጥ እንናገር። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንነግራችኋለን፤ ባለ ታሪኩ ፈቅዶልናል። ከእኛ በፊት እዚሁ ተምሮ የጨረሰ አንድ ወንድማችን በስልኩ ላይ «በ3 ወር ተዋናይ እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ አየ። እናቱ ሁለት በግ ሸጡለት። የዶዮገና በግ በዘሩ የታወቀ ነውና ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሆሳዕና ወርዶ በመኪና ተሳፈረና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። በማሠልጠኛው ብዙ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ታጉረው አገኘ። አስተማሪው በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ እርሱም ይቀራል። በ3 ወር ውስጥ መድረክ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። በመጨረሻ ያማረ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱን ይዞ ሥራ ፍለጋ በሄደ ጊዜ «ምን ተጫውተህ ታውቃለህ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ የሚመልሰው አልነበረውም። ማሠልጠኛውን በስም አንጠራም፤ ዓላማችን መክሰስ ሳይሆን ማስጠንቀቅ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው። ወንድማችን ዛሬ ከእኛ ጋር አለ፤ በገናው ቴአትር መብራቱን ያበራልን እርሱ ነው።

ስለዚህ ከእርሱ ጋር ተቀምጠን፣ ገንዘብም ሆነ ዕድሜ ከመክፈል በፊት መጠየቅ የሚገባቸውን ነገሮች ጻፍን።

1ኛ/ የሚያስተምሩት እነማን ናቸው? በመድረክ የሠሩ ወይም በሙያው የተማሩ መሆናቸውን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ይገባል እንጂ ከማስታወቂያው ብቻ አይደለም።

2ኛ/ ተማሪው በዓመት ስንት ጊዜ በተመልካች ፊት ይቆማል? ዋና በመጽሐፍ አይለመድም፤ ትወናም ያለ ተመልካች አይለመድም።

3ኛ/ መድረክ፣ የልምምድ ቦታና ቤተ መጻሕፍት አለው? ሄዶ በዓይን ማየት፤ መሄድ ካልተቻለ እዚያ ያለ የአገር ልጅ እንዲያይ መለመን።

4ኛ/ ከእርሱ የወጡት ሰዎች ዛሬ ምን ይሠራሉ? ሁለት ሦስቱን አግኝቶ መጠየቅ ከመቶ ወረቀት ይበልጣል።

5ኛ/ የምስክር ወረቀቱን መንግሥት ያውቀዋል? በእርሱስ ማስተማር ወይም ትምህርት መቀጠል ይቻላል?

6ኛ/ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ክፍያው ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራዩ፣ ምግቡና መጓጓዣው ተደምሮ።

7ኛ/ በጣም በአጭር ጊዜ በጣም ትልቅ ነገር ተስፋ ይሰጣል? እንዲህ ያለውን «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ማለፍ ነው።

ይህን ሁሉ መዝነን ስናይ በአገራችን ቀዳሚው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቴአትር ትምህርት ቤቱ ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ይጠራል፤ ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ኮሌጅ ሥር ነው። ያሉበት ከተማም ትምህርት ቤት ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ ቴአትር፣ የከተማው የቴአትርና ባህል አዳራሽ፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር በእግርና በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸውና። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ያለውን ደግሞ ምርጫ ከመሙላታችን በፊት በየዓመቱ ከሚወጣው ዝርዝር ማጣራት ይገባል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር ዛሬ ጠባብ ነው። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ «እኔ ተዋናይ ነኝ፤ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ጓደኛ ካለን ሐምሌትን ሊጫወት ቀርቶ ትኬት ቆራጭ ሊሆንም አይችልም። ወደ መድረክ የሚወስደው መንገድ በሒሳቡና በእንግሊዝኛው በኩል ያልፋል።

አሁን ወደዚያ አባት ጥያቄ እንመለስ፤ እንጀራ ይሆናል ወይ? እውነቱን እንናገር። በቴአትር ቤት ቋሚ ደመወዝ ያለው ተዋናይ ጥቂት ነው። በፊልምና በቴሌቪዥን ድራማ የሚሠራው አንድ ወር ሠርቶ ሦስት ወር ሊቀመጥ ይችላል። ስማቸውን የምናውቀው ጥቂቶችን ነው፤ ስማቸው ያልተሰማ ግን ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ቴአትር የተማረ ሰው ተዋናይ ብቻ አይሆንም። በሬዲዮ ይናገራል፣ ድራማ ይጽፋል፣ ያዘጋጃል፣ በትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ስለ ጤናና ስለ እርሻ ሕዝብ የሚማርበትን ጨዋታ ይሠራል። ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፤ ለሚተጋ ሰው እንጀራ ይሆናል፤ ለሚቸኩል ሰው ግን አይሆንም። ሁለተኛ ሙያ ይዞ መሄድም አያሳፍርም። ጸጋዬ ሕግ ተምረው እንደ ነበር አስቀድመን ነግረናችኋል።

ደግሞም አባቶቻችን ይህን አስቡልን። ከዚህ አካባቢ፣ ከሀዲያም ከከምባታም፣ ስንት ወንድሞቻችን ትምህርታቸውን ጥለው በጨለማ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል? ለዚያ ጉዞ መሬትና ከብት ሲሸጥ አይተናል። የደረሰ አለ፤ በመንገድ የቀረም አለ። ለዚያ መንገድ የማይሳሳ ቤተሰብ፣ ልጁ በአገሩ ሙያ ልማር ሲል እጁን መሰብሰብ ይገባዋልን?

እስከዚያው ድረስ በዶዮገና ሆነን ልንሠራ የምንችለው ብዙ ነው። በየሳምንቱ ጮክ ብሎ ማንበብ፤ ያየነውን የሰው ጠባይ በደብተር መጻፍ፤ በዓመት ሁለት ቴአትር ማቅረብ፤ ከሁለቱም አንዱን በከምባትኛ። እስካሁን የተጫወትነው ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ብዙ እናቶች እንባውን ተረዱት እንጂ ቃሉን ሁሉ አልተረዱትም። የራሳችንን ተረትና የራሳችንን ሴራ ወደ መድረክ ብናወጣው ማን ይከለክለናል? ወደ አምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃ ሲሠራ፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው አንዱን ከአንዱ እያስቀደመ የሚረግጥ ነው እንጂ የሚዘል አይደለም። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው።

ከመጨረሳችን በፊት የወሰንነውን እንንገራችሁ። ከክበባችን 11 አባሎች መካከል ሁለታችን ፈተናውን ካለፍን ቴአትርን ልንማር እንፈልጋለን። የቀረነው ሐኪም፣ መምህር፣ ነጋዴ ለመሆን እናስባለን፤ ነገር ግን ተመልካች ሆነን ትኬት እንደምንገዛላቸው ቃል ገብተናል፤ ተመልካች የሌለው ተዋናይ የለምና። ከሁለቱ አንዱ ያዕቆብን የተጫወተው ጓደኛችን ነው። አባቱ ዛሬም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። አባታችን፣ እሺ እንዲሉ አንለምንዎትም፤ ነገሩ ከባድ መሆኑን እኛም አውቀናል። የምንለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚያን ሰባቱን ጥያቄዎች ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው ይጠይቁ። መልሱ መጥፎ ከሆነ እርሱ ራሱ ይተወዋል፤ መልሱ ደኅና ከሆነ ግን ምርቃትዎን አይንፈጉት። በአገራችን ያለ ምርቃት የተጀመረ ነገር አይሰምርም።